የምክር ዓምድ፦ መርፌዋ ከማን እንደወጣች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ

ጥያቄ፦ «በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ነኝ። ትናንት ሌሊት ተረኛ ሳለሁ ለአንድ ታካሚ ካኑላ (በደም ሥር መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) አስገባሁ። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ጢም ብሎ ሞልቶ ስለነበር መርፌዋን በጥጥ ጠቅልዬ ኪድኒ ዲሹ (የሕክምና ዕቃ ማስቀመጫው ሳህን) ላይ አስቀመጥኳት፤ በዚያው ቅጽበት ሌላ ታካሚ ትንፋሽ አጥሯቸው ስለተጠራሁ ረስቻት ሄድኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ዲሹን ከነጥጡ ጥቁሩ የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ገልብጦታል። ጠዋት ሁላችንም ‹እትዬ› የምንላቸው የፅዳት ሠራተኛችን ከረጢቱን ሲያነሱ መርፌዋ ስሱን ጓንት አልፋ መዳፋቸውን ወጋቻቸው። ደሙን ጨምቀው፣ በረኪና አፍስሰውበት፣ ‹ስንቱን አሳልፌያለሁ› ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ታካሚው ኤችአይቪ በደማቸው እንዳለና መድኃኒት እንደሚወስዱ ካርዳቸው ላይ ተጽፏል። ለእትዬ ብነግራቸው የታካሚውን ምስጢር ማውጣት ይሆንብኛል፤ ለነርሶች ኃላፊዋ ለማትሮኗ ብናገር ቅጣቱን እፈራለሁ፤ ዝም እንዳልል ደግሞ ህሊናዬ እንቢ አለኝ። እትዬ የኤጀንሲ ሠራተኛ ስለሆኑ መድኃኒቱ ይሰጣቸው እንደሆነም አላውቅም። ምን ላድርግ?»

ይህ ደብዳቤ ሲደርሰን መርፌዋ ከወጋች አንድ ቀን እንኳ ስላልሞላት፣ ዓምዱ እስኪታተም ሳንጠብቅ ጸሐፊዋን በዚያው ምሽት በስልክ አነጋግረናቸዋል። ሙሉው መልስ የሚወጣው በፈቃዳቸው ነው፤ ታካሚውንና ሠራተኞቹን ሊያስለዩ የሚችሉ ዝርዝሮችም ተቀይረዋል።

የተከበሩ ሲስተር፣

በስልክ የነገርኩዎት ነገር አጭር ነበር፦ እትዬን ዛሬውኑ ይዘው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ የመጀመሪያውን የመከላከያ ክኒን ይዋጡ፣ ማን አጠፋ የሚለው ከዚያ በኋላ ይነሳል። እንዳልኩዎትም አድርገው በዚያው ሌሊት መድኃኒቱ መጀመሩን ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ብዙ ነው፤ በእርስዎም ሆነ በእትዬ ቦታ የሚገኝ ሌላ አንባቢ ስለማይጠፋ ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ኤችአይቪ በመርፌ ሲገባ በአንዴ በመላ ሰውነት አይሰራጭም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በተወጋው ቦታ አካባቢ በሚገኙ የመከላከያ ሴሎች ላይ ይቆያል፤ በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ወደ ንፍፊቶች፣ ከዚያም ወደ ደም ይደርሳል። ድህረ ተጋላጭነት መከላከያ ሕክምና፣ በተለምዶ ፔፕ የምንለው፣ የሚሠራው በዚህች ጠባብ ጊዜ ውስጥ ቫይረሱ ራሱን እንዳያባዛ በማገድ ነው። ስለዚህ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው የ72 ሰዓት ገደብ በሩ የሚዘጋበት ሰዓት ነው፤ ብዙ ሰው ግን እንደ ቀጠሮ ሰዓት ይቆጥረውና «ነገ ዋናው ሐኪም ሲመጣ» ብሎ ያድራል። በተወጉ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ የተዋጠ ክኒን በሦስተኛው ቀን ከተዋጠው ጋር እኩል አይደለም። የላቦራቶሪ ውጤት መጠበቅም አያስፈልግም፤ ክኒኑ ይዋጥ፣ ምርመራው ከኋላ ይከተላል፣ ሕክምናው እንደማያስፈልግ ከታወቀም ያኔ ይቆማል።

እትዬ በቁስላቸው ላይ ያደረጉት በአብዛኞቹ ሆስፒታሎች የሚደረገው ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም አይመከርም። ቁስሉን መጭመቅ ቫይረሱን እንደሚያስወጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ቦታውን ግን ያቆስለዋል። በረኪና ደግሞ ሥጋን የሚያቃጥል ኬሚካል ነው፣ የተሰራውም ለወለልና ለዕቃ ነው። የሚበቃው የቧንቧ ውኃና ሳሙና ነው፤ ደሙ በራሱ ቢፈስ ይፍሰስ፣ ከዚያ ይታጠብ። ደም ወደ ዓይን ከተረጨ በብዙ ንጹሕ ውኃ ወይም በሳላይን ማጠብ ነው። እትዬ በረኪናውን ያፈሰሱት ከንቃት ማነስ አይደለም፤ በዚያው ሆስፒታል ደም የነካውን ሁሉ በክሎሪን እንዲያጥቡ ስለተነገራቸው የራሳቸውንም እጅ እንደዚያው ቆጠሩት። መርፌዋ ከቆሻሻ ውስጥ የወጣች ስለሆነች የቴታነስ ክትባታቸው መቼ እንደተሰጠም ይጠየቁ።

አሁን እንቅልፍ ወዳሳጣዎት ወደ ምስጢሩ ልምጣ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት የተነገረው የራሱን ሕመም ለሚሸሽግ ሰው ነው። በእርስዎ ጉዳይ ግን የሚሸሸገው የታካሚው ሕመም ሲሆን መድኃኒት የሚያጡት እትዬ ናቸው፤ ችግሩን ከባድ ያደረገውም ይህ ነው። ሆኖም የሕክምና ምስጢር ማለት መረጃው ከማንም ጋር አይገናኝም ማለት አይደለም። መረጃው ለሕክምና የግድ ወደሚያስፈልገው ሰው፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ይደርሳል ማለት ነው። ፔፕ የሚያዘው ሐኪም ሊያውቀው የሚገባው ደሙ የማን እንደሆነ ሳይሆን ደሙ ምን እንደያዘ ነው፦ ታካሚው ኤችአይቪ በደማቸው አለ፣ ይህን መድኃኒት ከዚህን ያህል ጊዜ ጀምሮ ይወስዳሉ፣ የመጨረሻው የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ውጤት ይህ ነው። መድኃኒቱ መሥራት ያቆመባቸው ታካሚ ከሆኑም መነገር አለበት፤ ለእትዬ የሚታዘዘው መድኃኒት ሊለወጥ ይችላልና። ይህን ለሐኪሙ ብቻውን፣ በተዘጋ ክፍል፣ ስም ሳይጠሩ መናገር ይችላሉ። ይህ ምስጢር ማውጣት አይደለም።

ለእትዬ የሚነገረው ከዚህ ያነሰ ነው። «እትዬ፣ የወጋችዎት መርፌ ከታካሚ ደም ሥር የወጣች ናት፣ ያስቀመጥኳትም እኔ ነኝ፤ ዛሬውኑ መከላከያ መጀመር ስላለብዎ አብሬዎት እሄዳለሁ» ማለት ይበቃል። «የማን ናት?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ያኔ «የታካሚን ነገር መናገር አልችልም፣ ለሐኪሙ ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ ነግሬዋለሁ» ይበሏቸው። ያንን ሌሊት ካኑላ የተቀየረላቸው ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ እትዬ ሊገምቱ ይችላሉ። ግምታቸውን አያረጋግጡ፣ አያስተባብሉም። ታካሚውን በተመለከተም አንድ የቀረ ሥራ አለ፤ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ እንዲደረግላቸው ፈቃዳቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል። «አንድ ሠራተኛ በመርፌ ተወግቷል፣ ለእርሱ ሕክምና እንዲረዳን ደምዎን ብንመረምር ይፈቅዳሉ?» ተብለው በአክብሮት የተጠየቁ ታካሚዎች አብዛኞቹ እንደሚፈቅዱ በሥራዬ አይቻለሁ። ሳያውቁ ከቀረው የላቦራቶሪ ደም ላይ ቀድቶ መመርመር ግን አይገባም፤ የእርስዎንም ጥፋት ሁለት ያደርገዋል።

እትዬ ምን ያህል አደጋ ላይ ናቸው? ኤችአይቪ ያለበት ደም በነካው መርፌ ተወግተው ምንም መድኃኒት ካልወሰዱ 1,000 ሰዎች መካከል ቫይረሱ የሚይዘው በአማካይ 3 ያህሉን ነው። አማካይ ስለሆነ ግን ከፍና ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ በፈረንሳይ፣ በብሪታኒያ፣ በጣሊያንና በአሜሪካ የጤና ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት አደጋውን የሚያከብዱ አራት ነገሮችን ለይቷል፦ ቁስሉ ጥልቅ መሆኑ፣ በመሣሪያው ላይ ደም መታየቱ፣ መርፌው በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ የነበረ መሆኑ፣ ታካሚውም በኤድስ ሕመም መጨረሻ ላይ የሚገኙ መሆናቸው። ዚዶቩዲን የሚባለውን የያኔውን መድኃኒት ከተወጉ በኋላ መውሰድ አደጋውን 81 በመቶ ያህል እንደቀነሰም ያው ጥናት አሳይቷል። የእናንተን መርፌ በዚህ መስፈርት ስናያት መካከለኛ ቦታ ላይ ትገኛለች። የካኑላ መርፌ መሃሏ ክፍት ናት፣ ደም ሥር ውስጥ ገብታ ወጥታለች፣ በውስጧም ደም ይዛለች፤ ጡንቻ ላይ ከተወጋ መርፌ ወይም ከመስፊያ መርፌ የበለጠ የምትፈራውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል በጥጥ ተጠቅልላ ነበር፣ ጓንትም አቋርጣለች፤ ጓንት መርፌን ባያቆምም ከላይዋ ያለውን ደም ይጠርጋል። ለሰዓታት መቆየቷ ብቻውን አያጽናናም፤ ላይ ላዩ የደረቀ መርፌ ቀዳዳው ውስጥ ያልደረቀ ደም ሊኖረው ይችላል።

ዋናው ማጽናኛ የታካሚው መድኃኒት ነው። መድኃኒታቸውን በሚገባ የሚወስዱና ቫይራል ሎዳቸው በምርመራ የማይታይ ከሆነ በደማቸው ውስጥ የሚገኘው ቫይረስ እጅግ ጥቂት ነው፤ በመርፌ የመተላለፉም ዕድል በዚያው ልክ ይወርዳል። እዚህ ላይ የአገሮች መመሪያዎች ይለያያሉ። የብሪታኒያ ባለሙያዎች የታካሚው ቫይራል ሎድ ለረጅም ጊዜ የማይታይ ሆኖ መቆየቱ ከተረጋገጠ ፔፕ አያስፈልግም ሲሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ግን እንዲያም ሆኖ ይሰጥ ይላል። እኔ በእናንተ ሁኔታ የሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ውጤቱ ካርዱ ላይ ቢጻፍም የስንት ወር እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ተቋርጦ እንደሆነ፣ ሆስፒታል ያስተኛቸውም ሕመም ምን እንደሆነ በሌሊት አይጣራም።

በደብዳቤዎ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተነሳው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ እኔን ግን ከኤችአይቪው ይልቅ የሚያሰጋኝ እርሱ ነው። ያልተከተበ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ደም በተነከረ መርፌ ቢወጋ በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ እንደ ታካሚው ደም ሁኔታ ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ከ1,000 ሦስት እና ከ100 ሠላሳ ምን ያህል እንደሚራራቁ ልብ ይበሉ። ቫይረሱ በደረቀ ደም ውስጥ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ ከረጢት ውስጥ ያደረች መርፌ ለእርሱ ገና ትኩስ ናት። በአገራችን የተካሄዱ ጥናቶችን አንድ ላይ ያሰባሰበ ትንተና ከ100 ሰዎች 7 ያህሉ ቫይረሱን በደማቸው ተሸክመው እንደሚኖሩ ገምቷል፤ አብዛኞቹም ምንም ስለማይሰማቸው አያውቁትም። ካርድ ላይ «ኤችአይቪ የለም» ተብሎ የተጻፈ ታካሚ መርፌ ሲወጋን እፎይ የምንለው ይህን ረስተን ነው።

ለሕፃናት የሚሰጠው፣ ሄፓታይተስ ቢንም የያዘው አምስት በአንድ ክትባት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ እትዬ በልጅነታቸው አላገኙትም፤ ኤጀንሲው ካላስከተባቸው በስተቀር ዛሬም ያለ መከላከያ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ፔፑን ሲጀምሩ ለሄፓታይተስ ቢ ይመርመሩ፤ ቫይረሱ ከሌለባቸው የመጀመሪያው ክትባት በዚያው ቀን፣ ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጣቸው፣ ሁለተኛው ከአንድ ወር፣ ሦስተኛው ከስድስት ወር በኋላ ይከተላል። ታካሚው ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው ሆነው ከተገኙ ከክትባቱ ጋር ዝግጁ ፀረ እንግዳ አካል የያዘው ኢሚውኖግሎቡሊን ይጨመራል፤ ከሰባት ቀን በላይ ግን አይጠብቅም። በየሆስፒታሉ ስለማይገኝ ወዲያው መፈለግ ያስፈልጋል፤ ቢጠፋ እንኳ ክትባቱ ብቻውን ብዙ ይከላከላል። ሦስቱም ተወግተው ካለቁ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ ክትባቱ መያዙን የደም ምርመራ ያሳያል፤ መጠኑ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተጠብቀዋል። እርስዎስ ሲስተር፣ ሦስቱንም ጨርሰዋል? ሁለቱን ወስዶ ሦስተኛውን የረሳ ነርስ በየክፍሉ ስለማይጠፋ ነው የምጠይቀው።

ሄፓታይተስ ሲ መከላከያ ክትባትም ሆነ ፔፕ የለውም፤ ዕድሉ ግን ከ100 ከ2 ያነሰ ነው፤ ቢይዝም ዛሬ በሦስት ወር ገደማ በሚዋጥ መድኃኒት ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። የሚያስፈልገው መጀመሪያና ከወራት በኋላ መመርመር ብቻ ነው።

እትዬ አሁን የሚወስዱት መድኃኒት፣ እንደሚመስለኝ፣ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ላይ የተያዙበት፣ ለኤችአይቪ ሕክምናም የሚሰጠው ያው ክኒን ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለ28 ቀን ይዋጣል። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛው በመጀመሪያው ሳምንት ይቀላል። ሰዎች ፔፕን የሚያቋርጡት ግን በአሥረኛና በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ፍርሃቱ ሲበርድ ነው፤ ጎምዛዛው ነገር ያን ጊዜ ክኒኑ እንጂ መርፌዋ አይደለችምና። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ እትዬ ጾመኛ ቢሆኑ ማታ ካፈጠሩ በኋላ መዋጥ ይችላሉ፤ ጠበል ቢገቡም ከክኒኑ ጋር ይግቡ። ለጨጓራ የሚላስ ወይም የሚታኘክ፣ አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ያለበት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ዶሉቴግራቪር በደም ውስጥ እንዳይገባ ያግደዋል፤ የኤችአይቪው ክኒን ከእርሱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይዋጥ። የብረትና የካልሲየም ክኒንም እንዲሁ ይራቅ። የስኳር ሕመም ኖሮባቸው ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ፣ ኩላሊታቸውም ችግር ካለበት፣ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ከሦስቱ መድኃኒቶች ሁለቱ፣ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን፣ ሄፓታይተስ ቢንም ያፍናሉ። እትዬ ሳያውቁት ሄፓታይተስ ቢ ተሸካሚ ከሆኑ ክኒኑ በ28ኛው ቀን ድንገት ሲቆም የታፈነው ቫይረስ ሊያገረሽና ጉበታቸውን ሊጎዳ ይችላል። የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ለሕጋዊ ወረቀት ብቻ የሚደረግ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ውጤቱ አዎ ካለ ፔፑ አይከለከልም፤ ማቆሙ ብቻ በሐኪም ክትትል ይሆናል።

ኤችአይቪን በተመለከተ በመጀመሪያው ቀን፣ በስድስተኛው ሳምንትና በሦስተኛው ወር ይመረመራሉ፤ እንደ ተቋሙ አሠራርም እስከ ስድስተኛው ወር ይዘልቃል። የመጀመሪያው ቀን ውጤት ኔጌቲቭ መሆኑ ካልተመዘገበ፣ በኋላ ቫይረሱ ቢገኝ በሥራ ላይ መያዛቸውን ማንም አይቀበላቸውም፤ ካሳም ከዚሁ ጋር ይጠፋል። በእነዚህ ወራት ከባለቤታቸው ጋር ኮንዶም ይጠቀሙ፣ ደም አይለግሱ። ይህን ለባለቤት መናገር ለእትዬ ከመርፌው የከበደ ሊሆን ይችላል። የክኒኑን ብልቃጥ በመንደር የማያውቀው የለም፤ አንዲት ጎረቤት ቁም ሳጥን ላይ ካየችው በማግሥቱ ወሬው ቡና ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ክሊኒኩ «በሥራ ላይ ለደረሰ የመርፌ አደጋ የሚሰጥ መከላከያ» የሚል ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው ይጠይቁ፤ እትዬ ከፈለጉም ባለቤታቸው ክሊኒኩ መጥተው ከሐኪሙ አፍ ይስሙት። በሌላ ብልቃጥ ገልብጦ መያዝ ግን ይቅር፤ ክኒኑ እርጥበት አይወድም፣ ብልቃጡም ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ነገር ያለው ለዚህ ነው።

ኤጀንሲውን በተመለከተ ጥያቄዎ ሁለት ተለያይተው መመለስ ያለባቸው ጉዳዮች አሉበት። መድኃኒቱ አይከለከሉም፤ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በመንግሥት ተቋማት በነፃ መሰጠት የጀመረው ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ነው፣ አደጋው የደረሰውም በእናንተ ግቢ ነው። «ሠራተኛችን አይደሉም» የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ እትዬን እንደማንኛውም ድንገተኛ ታካሚ ካርድ አውጥታችሁ ግቡ፤ ክርክሩ ሰዓት ይበላል። የሕክምናውን ወጪና ካሳውን የሚሸከመው ግን አሠሪው ኤጀንሲ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ ሕክምናውን እንዲሸፍን ያስገድደዋል፤ በኤችአይቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግንም ይከለክላል። የክትባቱንና የምርመራውን ደረሰኝ ሁሉ እትዬ ይያዙ። ኤጀንሲው በጽሑፍ እንዲያውቀውም ያድርጉ፤ ለተቆጣጣሪ በቃል የተነገረ ነገር ተቆጣጣሪው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

በዚህ ረገድ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን፣ በተለይ በነርስነትና በሆስፒታል ፅዳት የሚሠሩት፣ የሚያውቁት ሥርዓት አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የደም ወለድ በሽታዎች ደንብ መሠረት አሠሪ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ለደም ለሚጋለጥ ሠራተኛ ሁሉ፣ ለፅዳት ሠራተኛም ጭምር፣ ሥራ በተመደበ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በነፃ ማቅረብ አለበት። በዚያች አገር በዓመት በሥራ ላይ በሄፓታይተስ ቢ የሚያዙ የጤና ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1983 ከ10,000 በላይ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከ400 በታች ወርደዋል።

የሚቀረው ማትሮኗ ናት። እዚህ ላይ ስለ ፍርሃትዎ የምለው ቀላል አይደለም፤ ሴፍቲ ቦክስ ሞልቶ ማደሩን የሚጠይቅ ሳይኖር መርፌ ያስቀመጠችውን ነርስ ብቻ የሚቀጣ ሆስፒታል እንዳለ አውቃለሁ። የቅጣቱም ውጤት ይታወቃል፦ የሚቀጥለው የተወጋ ሰው ዝም ይላል። አሜሪካዊቷ ነርስ ካረን ዴሊ እ.ኤ.አ. በ1998 ከድንገተኛ ክፍል ታካሚ ደም ቀድታ መርፌዋን ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው ሳጥን ልትጥል ስትል፣ ከሳጥኑ ሾልካ የወጣች ሌላ መርፌ ጣቷን ወጋቻት፤ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲ ሁለቱም ያዟት። ወደ ሕክምናው ባልደረቦቿም ወደ ምክር ቤትም ሄዳ ተናገረች፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2000 የተፈረመው የመርፌ ደኅንነት ሕግ አሠሪዎች የመርፌ አደጋ መዝገብ እንዲይዙና ደኅንነታቸው የተጠበቀ መሣሪያዎች እንዲመርጡ፣ ሲመርጡም የሚጠቀሙባቸውን ሠራተኞች እንዲያማክሩ ያዘዘው ከእርሷና ከመሰሎቿ ምስክርነት በኋላ ነው። ጉዳቷን የሠራው የአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳልነበረ ሁሉ የእትዬንም ያደረሰው የእርስዎ እጅ ብቻ አይደለም፤ የእርስዎ ድርሻ ግን አለበት፣ ያንን ሳያሳንሱ መጻፍ ይሻላል።

ስለዚህ ሪፖርቱን እርስዎ ራስዎ ይጻፉ፣ ሌላ ሰው ስለ እርስዎ ከመጻፉ በፊት። የተወጉበትን ሰዓት፣ መርፌዋ የካኑላ መሆኗን፣ ጓንቱ ስስ መሆኑን፣ መጀመሪያ ምን እንደተደረገ፣ ፔፑ በስንት ሰዓት እንደተጀመረ ያስፍሩ፤ የታካሚውን ስም ግን አይጻፉ፣ የካርዱን ቁጥር በኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው ምስጢራዊ መዝገብ ብቻ ይተዉት። ከዚያ «መርፌዋን በኪድኒ ዲሹ ላይ ትቼያት ሄጃለሁ» ብለው ያስከትሉ፤ ቀጥሎም ሴፍቲ ቦክሱ መሙላቱን፣ ምትኩን የሚሰጥ የዕቃ ቤት ሠራተኛ በሌሊት አለመኖሩን፣ በተረኛ ላይ ስንት ነርስ ለስንት አልጋ እንደነበረ በቁጥር ያክሉበት። ይህን ማንም ሰበብ ሊለው አይችልም፤ ኮሚቴው የሚያስፈልገው ነገር ይኸው ነው።

ጥያቄም አብረው ያያይዙ። ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ሲደርስ ይዘጋል፤ በቃላችን የምናውቀው ይህ ነው፣ በክፍላችሁ ግን ማን እንደሚዘጋው ማንም አያውቅም። ባዶ ቦክስ በተረኛ ነርሷ እጅ ያድር ዘንድ ቁጥሩ በርክክብ ደብተር ይመዝገብ። አንድ ትንሽ ቦክስ ካኑላ በሚገባበት ትሮሊ ላይ ይሁን፤ መርፌ ከእጅ ወደ ሳጥን መሄድ ያለባት ወዲያው ስለሆነ፣ ሳጥኑ ታካሚው ዘንድ መምጣት አለበት፣ መርፌዋ ወደ ሳጥኑ መንከራተት የለባትም። ክዳኗን መልሶ መግጠም እንደማይፈቀድ አዲስ ለሚመጡ ተለማማጆች በየጊዜው ይነገር። ለፅዳት ሠራተኞችም ስስ ጓንት ሳይሆን ወፍራሙ የጎማ ጓንት ይታደል፤ ከረጢቱንም ከአንገቱ ይዘው፣ ከሰውነታቸው አርቀው እንዲያነሱ፣ ከሥሩ በመዳፍ እንዳይደግፉት አንድ ሰው ቆሞ ያሳያቸው።